ልጆቻችን ውርጭን ይወቁት

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ በ8ኛ ክፍል የጂኦግራፊ ትምህርት አንድ ጥያቄ ተነሣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፈረንጆቹን 2025 የበረዶ ግግር ጥበቃ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ መጋቢት 12 ቀን ደግሞ የዓለም የበረዶ ግግር ቀን ሆኖ ዋለ። እኛም ለዕለቱ የስዊዘርላንዱን የሮን በረዶ ግግርና ከሥሩ የተኛውን ሐይቅ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከፎቶው ፊት ለፊት ቦርሳ ያዘሉ እናትና አባት ከሁለት ልጆች ጋር ቆመው ሐይቁን ያያሉ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «እንዲህ በእግር ሄደው የሚያዩት የበረዶ ሐይቅ እኛ አገር አለ?» ብላ ጠየቀች። «የለም፤ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የበረዶ ግግር የላትም» አልናት። እሷም ያልናትን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

መልሳችን ስሕተት ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከዓመት ዓመት የሚቆይ የበረዶ ግግር አለመኖሩ እውነት ነው። በአፍሪካ ይህ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። በረዶው ትቶት የሄደ ሐይቅ ግን አለን። ከባሌ ጎባ በላይ፣ በሳነቴ አምባ ጠርዝ፣ በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስሙ ገርባ ጉራቻ ነው። በበረዶው ዘመን በባሌ ተራሮች ላይ ሰፊ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። በራሱ ክብደት ቁልቁል እየተንሸራተተ አለቱን ፍቆ ፍቆ እንደ ሳፋ ያለ ጎድጓዳ አበጀ፤ ቀልጦ ሲያልቅ ውኃው እዚያው ቀረ። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ላይ ደለሉን በረጅም ቱቦ አውጥተው አጥንተውታል። ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የተጠራቀመ የአበባ ብናኝና የእሳት ከሰል ተነባብሮ አግኝተውበታል። የትኛው ተክል መቼ እንደበቀለ፣ አስታው መቼ እንደተቃጠለ ከዚያ ይነበባል። እኛ የለም ያልነው ይህንን ነው።

ይህን የምንጽፈው ስሕተታችንን ለማረም ብቻ አይደለም። በክረምት ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ወላጆች ልጆቻችሁን ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደዚህ ሐይቅ አፋፍ በእግራቸው እንድትወስዷቸው ለመጠየቅ ነው። ለምን እንደምንጠይቅ እንንገራችሁ።

ሄሮን ላይ ያደገ ልጅ ባሕር ያውቃል፤ ወበቅ ያውቃል፤ በክረምት ወራት የሚነፍሰውን የኻምሲን ትኩስ ነፋስና አቧራ ያውቃል። በረዶ ለእሱ ከፍሪጅ የሚወጣ ነገር ነው። በፈተና ወረቀት ላይ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከታች ወደ ላይ በትክክል ይደረድርና ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። ከአምስቱ በቆዳው የሚያውቀው ግን አንዱን ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አመዳይ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ አንዱ ተማሪ «አመድ የሚደፋበት ቦታ» ብሎናል። አልሳቅንበትም እንዳንል ትንሽ ስቀናል። ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። ቁር፣ ውርጭ፣ አመዳይ፣ ጉም፣ ካፊያ የሚሉትን ቃላት ከሰሌዳ ላይ ገልብጦ ወሰዳቸው እንጂ አንዱንም ተንቀጥቅጦበት አያውቅም። አማርኛ የደጋ ሰዎች ቋንቋ ሆኖ ስላደገ ከብርዱ ጋር የተሳሰሩ ቃላት ሞልተውታል። እነሱን ከባሕር ጠለል ላይ ሆነን ስናስተምር የሌላ ፕላኔት ወሬ የምናወራ ይመስለናል።

የክረምቱን ዕረፍት እንዴት እንደምናሳልፈው ሁላችንም እናውቃለን። ከናጋድ በባቡር ተሳፍረን አዲስ አበባ እንገባለን፤ ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከሠርግ ወደ ክርስትና፣ ከመርካቶ ወደ ሐኪም ቤት። ልጁ ተመልሶ «አገርህ እንዴት ነበረ?» ሲባል ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ዶሮ ወጥ ነው የሚያወራው። ዘመድ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ግን አገር ሳሎን ብቻ ሆኖ ሲቀር ያሳዝናል።

ባለፈው ክረምት ሦስት ቤተሰቦችና ሁለት መምህራን ሆነን ሞከርነው። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ብቻ አደርንና በአሰላ በኩል አድርገን ባሌ ገባን። እስከ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት፣ እስከ ዲንሾ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ቆመው እኛን ያዩ ነበር። ጎባ አንድ ሌሊት አድረን በማግሥቱ በመኪና ወደ ሳነቴ ወጣን። መጀመሪያ የጽድና የኮሶ ደን፣ ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፋ። መኪናው 4,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ልጆቹ ዝም ብለው ነበር። ጅብራዎቹ ጉም ውስጥ ሆነው ሰው መስለዋል።

ከመኪናው የወረድንበት ሰዓት ሁላችንም የማንረሳው ነው። አንዱ ልጅ በር ከፍቶ ወጥቶ «ኡ!» ብሎ ቆመ፤ ቀጥሎ «አፌ ይጨሳል! አፌ ይጨሳል!» እያለ ጮኸ። ወደ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የራሱን ትንፋሽ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ሌሎቹም ወረዱና ለረጅም ጊዜ አንዳቸው ሌላቸው ፊት ላይ ሲተነፍሱ ቆዩ። መሪያችን፣ የአካባቢው ሰው ናቸው፣ እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው ብለው ጠየቁን። ከጅቡቲ እንደመጣን ስንነግራቸው ኮታቸውን አውልቀው ሊያለብሷቸው ፈለጉ።

ከመንገዱ እስከ አፋፉ ያለው የእግር ጉዞ ረጅም አይደለም። የአካባቢው ሰው ጉዞ ብሎም የሚጠራው አይመስለንም። እኛ ግን ሳንባችን የባሕር ዳር ሳንባ ነው። ሃያ እርምጃ እንሄዳለን፣ እንቆማለን፤ ልብ ደረት ውስጥ ይደልቃል። ሣሩ በቁጥቋጦና በብርማ አበባ የተሸፈነ ሜዳ ነው፤ በየሁለት እርምጃው የፍልፈል ጉድጓድ አለ። የባሌ ትልቁ ፍልፈል በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የትም የለም። አንገቱን ብቅ አድርጎ ያየንና ይሰወራል። ልጆቹ ቆጥረው ቆጥረው ሰለቹ። በሩቁ አንድ ቀይ ቀበሮ ጉድጓዶቹን እየተመለከተ በእርጋታ ሲያልፍ አየን። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከእነሱም የሚበዙት የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። በአንድ ቦታ ትላልቅ ድንጋዮች በመስመር ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። «ማን ደረደራቸው?» አሉን። ብርዱ ነው፤ መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ፣ ሲቀዘቅዝና ሲሟሟ በብዙ ሺህ ዓመት ያሰለፋቸው ናቸው። አላመኑንም። እኛም ብንሆን አንብበን ባናውቅ አናምንም ነበር።

መሐል ላይ በረዶ መጣብን፤ ከሰማይ የሚወርደው ማለታችን ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። አንዷ ከመሬት ለቅማ በጨርቅ ቋጠረች፤ ለማን እንደምትወስደው አልጠየቅናትም። አማርኛችን ለሚዘንበውም፣ ለፍሪጁም፣ ተራራ ለሚያርሰውም «በረዶ» የሚል አንድ ስም መስጠቱ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ያስቸግረን ነበር። እዚያ ግን ማብራሪያ አላስፈለገም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ምንም አልታየንም። ከእግራችን በታች ነጭ ጉም ብቻ። በሥዕሉ ላይ ያለው ቤተሰብ ሁልጊዜ ጥሩ ፀሐይ ይወጣለታል፤ ክረምት ላይ ባሌ የሄደ ሰው ግን መጠበቅ አለበት። መሪያችን ተቀመጡ አሉን፤ ዳቦና ቆሎ በላን። «ገርባ ጉራቻ» ምን ማለት እንደሆነ መሪያችን ሊነግሩን ሲሉ፣ እናቷ ኦሮሞ የሆነች ተማሪያችን ቀድማ «ጥቁር ባሕር!» አለች። ክፍል ውስጥ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ የመሪውንና የእኛን ንግግር የምታስተረጉመው እሷ ሆነች፤ መንገዱን ሁሉ ከፊት ከሳቸው ጋር ሄደች።

ከዚያ ጉሙ ተከፈተ። ገደሉ በሦስት ወገን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ትንሽ፣ ዝም ያለ፣ እውነትም ጥቁር ውኃ ተኝቷል። በአራተኛው ወገን በኩል ሸለቆው ወደ ጎባ አቅጣጫ ይከፈታል፤ በረዶው የወረደበት መንገድ ነው። «ሳፋ» ብለን ያስተማርነውን ወዲያው አዩት፤ እጃቸውን እንደ ማንኪያ እያጎበጡ ይለኩት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጉሙ መልሶ ሸፈነው። ግማሾቻችን ስልካችንን እስክናወጣ አልፎናል።

ከወንዶቹ አንዱ «እዚህ ሰው ይኖር ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ይኖር ነበር። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ እዚያው ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ ጥላ ሥር ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ይመላለሱ ነበር። የበረዶው ግግር ቅርባቸው ነበረ፤ ከእሱ የሚቀልጠውን ውኃ ይጠጡ ነበር፤ ይህንኑ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ ፍልፈሎቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ።

ጥፋታችንን አንደብቅም። ከልጆቹ አንዱ አፋፉ ላይ ሳይደርስ ራሱን አመመው፤ አስመለሰውም። አባቱ ይዘውት ወደ መኪናው ተመለሱ፤ ጎባ ስንወርድ ተሻለው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥተን በጥቂት ቀናት ውስጥ 4,000 ሜትር ወጣን፤ ጎባ ማደር የነበረብን ሁለት ሌሊት ሆኖ ሳለ ለሠርግ እንድረስ ብለን አንድ ሌሊት ብቻ አደርን። ዲንሾ ወይም ጎባ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሳታድሩ አትውጡ። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ልጅ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሂድ። ራሴን አመመኝ ያለ ልጅ «ትንሽ ቀረን፣ በርታ» አይባልም፤ ወደ ታች ይመለሳል። የመንገዱንም ሰላም ከሚያውቁ ሰዎች ሳታጣሩ አትነሡ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ስናነሣ አንዲት እናት «እኔ ልጄን ለማሳረፍ እንጂ ለማንገላታት አገር ቤት አልወስደውም» አሉ። ብዙዎች አጨበጨቡላቸው፤ እኛም ተረድተናቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ወደብ ላይና ሰው ቤት የሚሠራ ሰው በዕረፍቱ ተራራ ውጣ ሲባል አይጥመውም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ ለመኪናውም፣ ለመሪውም፣ ለፓርኩ መግቢያም ይከፈላል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ መኪና ሲጋራ ወጪው ለአንድ ሠርግ ልብስ ከምናወጣው ብዙም አልራቀም፤ ይህን ሒሳብ ሠርተነዋል። ሁለተኛ፣ መንገላታቱ ራሱ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ከዚሁ ከጅቡቲ ምሳሌ አለን።

ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ልጆቹን ወደ አሳል ሐይቅ ይወስዳል። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። የጉቤት ባሕር ውኃ በእሳተ ገሞራው አለት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ይመጣና ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨዋማነቱ ከባሕሩ አሥር እጥፍ ገደማ ነው። በአቅራቢያው ያለው አርዱኮባ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኅዳር ወር ላይ ፈንድቶ ነበር። አፋሮች ከዚያ ጨው በግመል እየጫኑ እስከ ሸዋ ያደርሱ ነበር። ልጆቻችን ግን አውቶቡሱ ከላይ ያለው መመልከቻ ላይ ሲቆም ይወርዳሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሞቃት ነው ብለው ይመለሳሉ። «አሳልን አይተናል» ይላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ አሳል ጻፉ ብንላቸው ስለ አውቶቡሱ ሙዚቃ ጻፉልን። ጥፋቱ የሐይቁ አይደለም። ለመድረስ ምንም አልከፈሉበትም። ገርባ ጉራቻን ለጥቂት ደቂቃ ያዩት ልጆች የጻፉት ግን በዚሁ መጽሔት የተማሪዎች ገጽ ላይ አለ፤ አንብባችሁ ፍረዱ። በዚህ ዓመት ወደ አሳል ስንሄድ ልጆቹ ከመመልከቻው ርቀው በማለዳ በእግር እንዲወርዱ እንዲደረግም እንጠይቃለን።

ስለዚያ የስዊዘርላንድ ፎቶ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ አሁን ስናየው ሌላ ሆኖብናልና። የሮን በረዶ ግግር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በፎቶው ላይ ያለው ሐይቅ ራሱ ከቀለጠው በረዶ የተሠራ ነው። በበጋ ወራት ሰዎች የበረዶውን አንድ ጎን እንዳይቀልጥ በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል። የዩኔስኮ የ2022 ሪፖርት የአፍሪካ ተራሮች በረዶ በ2050 ገደማ እንደሚያልቅ ይናገራል። ቦርሳ ያዘለው ቤተሰብ የልጅ ልጆች እዚያ ሲቆሙ ባዶ ገደልና ከሥሩ ውኃ ያያሉ። እኛ ባሌ ላይ ያየነው ይህን ነው። ልዩነቱ የባሌው በሰው ምክንያት አለመቅለጡ ነው፤ ያን ጊዜ ምድር በራሷ ጊዜ ሞቀች። ይህን ለ8ኛ ክፍል በሰሌዳ ከማስረዳት አፋፉ ላይ ማስረዳት ይቀላል።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። መጀመሪያ ጥያቄውን የጠየቀችው ተማሪ ከእኛ ጋር አልሄደችም። ቤተሰቧ የጉዞ ሰነድ ስለሌለው ድንበር ማቋረጥ አይችሉም፤ ቢወጡ መመለሳቸው አይታወቅም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በየክፍሉ አሉ። እኛ ከባሌ ተመልሰን ፎቶ ስናሳይ፣ አፌ ይጨሳል እያልን ስንስቅ፣ እነዚህ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። መስከረም ላይ በክፍል ፊት «ተሳስተን ነበር፤ አለ» ብለን ይቅርታ ስንጠይቃት «እሺ» አለችና ደብተሯን ገልጣ የድሮውን መስመር ሰረዘች። እውነቱን ለመናገር ይቅርታው አልበቃንም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ ክረምት ላይ ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። ታጁራን አልፎ በጎዳ ተራራ ላይ የዳይ ደን አለ፤ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ሐይቅ የለውም፤ በረዶም ኖሮት አያውቅም። ነገር ግን ጽድ አለው፤ ብዙው እየደረቀ ያለ ያረጀ ጽድ፤ ከጅቡቲ ሌላ የትም የማይገኝ ቆቅም ይኖርበታል። ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። ድንበር ማቋረጥ አይጠይቅም። አንድ ሌሊት ማደር፣ ጠዋት በጉም ውስጥ በእግር ወደ ጫፉ ወጥቶ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ከላይ ማየት ይቻላል። ለዚህ ዓመት ሁለት አውቶቡስ እንዲፈቀድልን ጠይቀናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ለባሌው ጉዞ ከተገዙት ጃኬቶች አሥራ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ልጅ ይሆናሉ፤ የአንዱ ዚፕ ተበላሽቷል። ጥር ላይ ወደ ዳይ ለሚሄዱ ልጆች እንዲሰጡ ወስነናል። ቤታችሁ የማትለብሱት ሹራብ፣ ካልሲ ወይም ብርድ ልብስ ያላችሁ ወላጆች እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብታስረክቡ እንቀበላለን።